ጋሽ ይማም የጠፉበት ሕልም

ጋሽ ይማም ሙሄ ሕልሜ ውስጥ ጠፉ፤ ጠዋት ሲፈለጉ ከሕልሜ ውጭም አልተገኙም።

ሕልሙ አጭር ነበር። መኪና እየነዳሁ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ጠመዝማዛ እወርዳለሁ። ጉም ነው። ጋሽ ይማም እንደ ወትሯቸው በቀኝ በኩል ተቀምጠው "ቀስ። ማርሽ ቀንስ። ፍሬን ላይ አትተኛበት" ይሉኛል። አንዱን ኩርባ ስጨርስ ድምፃቸው ቀረ። ዞር ብዬ ሳይ ወንበሩ ባዶ ነው፤ ቀበቶው ግን እንደታሰረ ነው። በሩ አልተከፈተም። መኪናዋ መሄዷን ቀጠለች፤ እኔም ነቃሁ።

ጋሽ ይማም የመኪና መንዳት አስተማሪዬ ናቸው። ደሴ ውስጥ ዳገት ላይ መኪና አቁሞ ወደ ኋላ ሳይንሸራተት የሚነሣ ሰው ካያችሁ፣ የሳቸው ተማሪ የነበረ ነው። እኔ ጌጡ እባላለሁ፤ ፒያሳ ብትን ጨርቅ እሸጣለሁ። መንዳት የጀመርኩት ከጎለመስኩ በኋላ ስለሆነ፣ ፍሪሲዮን ስለቅ መኪናዋ እንደ ፍየል ትዘላለች። ጋሽ ይማም በዚህ ተቆጥተውኝ አያውቁም። "ትዝለል፣ ምን አለበት፤ መኪናም እኮ ይሰለቻታል" ይሉኝ ነበር። ስሳሳት እንዲህ ያለኝ ሰው በዕድሜዬ ሌላ አላጋጠመኝም። እወዳቸው ነበር።

ጠዋት ማሠልጠኛው ስደርስ ተማሪዎች በሩ ላይ ተኮልኩለዋል። መኪናዋ "ለማጅ" የሚለውን ታፔላ ጣራዋ ላይ አድርጋ ቆማለች። ኃላፊው አቶ ገረመው ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ ወጣ።

"ጋሽ ይማም አልመጡም። ቤታቸውም የሉም" አለ። "የማን ሕልም ነው?"

እጄን አወጣሁ።

"አንተ ነህ? መቼስ ሕልም ሰው አይመርጥም። ለማን ነገርከው?"

"ለማንም ገና አልነገርኩም።"

"ጎሽ። እንግዲህ አፍህን ዝጋና ሰው ምረጥ። ዛሬ ትምህርት የለም።"

ተማሪዎቹ ተበተኑ። አንዷ ብቻ ወደ ኋላ ቀረት ብላ "አይዞህ" አለችኝ። "የኔም የልብስ ስፌት አስተማሪ እንደዚህ ጠፍታብኝ ነበር። እናቴ ደህና አድርጋ ፈታችልኝና ሰንበት ሳይደርስ መጣች። ጠጉሯ ብቻ ትንሽ አጥሮ ነበር።"

ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ሕልም እንደ ፈቺው ነው ይባላል። በሌላ አገር አባባል ሊሆን ይችላል፤ እኛ ዘንድ ግን አሠራር ነው። ያልተነገረ ሕልም ያልተቆረጠ ጨርቅ ነው፤ ሱሪም ቀሚስም ሊሆን ይችላል። የሚቆርጠው መጀመሪያ የሰማው ሰው አፍ ነው። ስለዚህ ሕልም ያየ ሰው "ሕልም አይቻለሁ" ይላል፤ ሰሚው "ኸይር ነው" ወይም "ለበጎ ነው" ብሎ ይቀበላል፤ ከዚያ ይነገራል፣ ከዚያ ይፈታል። ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ጋ መሄድ ዋጋ የለውም። ጥርሱ ሲወልቅ ያየ ሰው፣ ክፉ እንዳይፈታበት ጠላቱ ደጅ አይደርስም። ሞቶ ያየ ሰው ግን ማንም ጋ ቢሄድ ግድ የለውም፤ በሕልሙ የሞተ ዕድሜው እንደሚረዝም ሁሉም ያውቃል። አስቸጋሪው የጠፋ ሰው ነው። አስተማሪ ወይም መንገድ የሚያሳይ ሰው ሲጠፋ የተለመደ ፍቺ የለውም። ሰሚው በዚያች ደቂቃ የመጣለትን ይላል፤ የጠፋውም ሰው ወደተባለበት ይሄዳል።

መጀመሪያ የሄድኩት ጋሽ ይማም ቤት ነው። ከሚስት የበለጠ ባሏን የሚፈልግ ማን አለ ብዬ ነው።

እትዬ ዘምዘም በር ላይ ቆመው ነበር። ገና ሲያዩኝ እጃቸውን አፌ ላይ ሊጭኑ ትንሽ ቀራቸው።

"አንተ ነህ ያየኸው?"

"እኔ ነኝ፣ እትዬ ዘምዘም።"

"እንግዲያውስ ለኔ እንዳትነግረኝ ልጄዋ፣ በአላህ!"

"ለምን?"

"ተጣልተን ነዋ ያደርነው! የውሃው ሮቶ ማፍሰስ ከጀመረ ስንት ጊዜው። ነገ፣ ነገ፣ ነገ። የሰውን ልጅ ሁሉ መንዳት ሲያስተምር ይውላል፤ የገዛ ቤቱን ግን ጎርፍ ይውሰደው። ትናንት 'ሂድና ከመኪናህ ጋር ኑር' ብዬዋለሁ። አሁን ብትነግረኝ ከአፌ ምን እንደሚወጣ እኔ አላውቀውም።"

ሮቶው ከጓሮ ጠብ ጠብ ሲል ይሰማል።

"ታዲያ ንዴትዎ እስኪበርድ ልጠብቅ?"

"እስከ መቼ? እኔ ስናደድ እንደ ሰው አይደለሁም። ሰውየው እስከዚያ የትም ሜዳ ላይ ይቆማል።" ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። "ሂድ። ግን አደራህን ጌጡዋ፣ የምትነግረው ሰው ይማምን የሚፈልግ ይሁን። አንተን የሚወድ አላልኩም፤ እሱን የሚፈልግ ነው ያልኩት።"

ይህን ሲሉ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። እሺ ብዬ ወጣሁ። ነገሩ የገባኝ መስሎኝ ነበር።

ችግሩ፣ ክፉ ሕልም ሲገጥመኝ እግሬ ከልጅነቴ ጀምሮ የሚያውቀው ቤት አንድ ነው። አክስቴ እታገኘሁ በሕልም ፍቺ የታወቀች ናት። ሁሉንም ለበጎ ነው የምትፈታው። እባብ ያየ ርስት ያገኛል፤ ጎርፍ የወሰደው ይሾማል። አንድ ጎረቤታችን ገበያ መሃል ራቁቱን ቆሞ አይቶ ነበር። "ምቀኛ የለብህም ማለት ነው" ብላ ፈታችለት። እስከዛሬ ሰው ቀንቶበት አያውቅም፤ የሚያስቀና ነገርም አፍርቶ አያውቅም።

ስደርስ ባቄላ እየፈለፈለች ነበር። ዓይኗ ስለደከመ ሰው የምታውቀው በኮቴው ነው።

"ጌጡ ነህ?"

"እኔ ነኝ። ሕልም አይቻለሁ።"

"ለበጎ ነው" አለች እጇን ሳታቋርጥ። "ተናገር።"

ነገርኳት። እያንዳንዱን ነገር እየመለሰች ጠየቀችኝ።

"ቀበቶው እንደታሰረ ነው?"

"እንደታሰረ ነው።"

"መኪናው አልቆመም?"

"አልቆመም።"

"ማን ነበር የሚነዳው?"

"እኔ ነኛ።"

ፊቷ በራ። "እሰይ! ሹመት ነዋ! መምህር የጠፋበት ሰው በመምህሩ ቦታ ይቀመጣል። ወንበራቸው ያንተ ነው። ስማቸውም ክብራቸውም ላንተ ይሆናል። የኔ ልጅ፣ ታላቅ ሰው ልትሆን ነው!"

"እሳቸውስ?"

"እነማን?"

"ጋሽ ይማም።"

አክስቴ ባቄላውን አስቀመጠች። "ውይ" አለች። "እሳቸውን እንኳ አላሰብኳቸውም።"

እውነቱን ለመናገር በዚያች ቅጽበት ደስ ብሎኝ ነበር። የሚወደው ሰው "ታላቅ ሰው ትሆናለህ" ሲለው ደስ የማይለው ማን ነው? ደስታው ከአክስቴ በር እስከ አስፋልቱ ድረስ አብሮኝ ወረደ። አስፋልቱ ላይ አንድ የማላውቀው የሚኒባስ ሹፌር መኪናውን አቁሞ ወረደና ጎንበስ ብሎ "እንደምን አደሩ ጋሽ ይማም" አለኝ።

መልኬ አልተለወጠም። ሱቅ መስታወት ውስጥ ያየሁት ራሴን ነው፤ ያው ጠባብ ግንባሬን፣ ያው ሳሳ ያለ ጺሜን። ሕልሙን የሚያውቁ ሰዎችም እኔን ነው የሚያዩት። ሌላው ከተማ ግን ጋሽ ይማምን ያያል። ወደ ሱቄ ስሄድ እኅቴ ወንበር ስባ ሻይ አዘዘችልኝና "ጌጡ ዛሬ አልመጣም፤ እርስዎ ጋ ትምህርት ላይ ነው ብዬ ነበር" አለችኝ። ሻዩን ጠጥቼ፣ አመስግኜ ወጣሁ።

አቶ ገረመው ሕልሙ የኔ መሆኑን ስለሚያውቅ እኔንም ጋሽ ይማምንም በአንድ ላይ ነው ያየው። ከላይ እስከ ታች ተመለከተኝ።

"እንዲህ ሆነ?"

"እንዲህ ሆነ።"

"መንዳት ትችላለህ?"

"አልችልም።"

"ግድ የለም። የሚነዳው አስተማሪው አይደለም" ብሎ ቁልፉን ሰጠኝ።

በቀኝ ወንበር ተቀመጥኩ። ተማሪ ሲሳሳት የጋሽ ይማም ቃል ሳይታወቀኝ ከአፌ ይወጣል። ተማሪዎቹ በረቱ። ዳገት ላይ አንድም ሰው አልተንሸራተተም። ፈተናቸውን ያለፉት እየመጡ ጉልበቴን ሊስሙ ይጎነበሱ ነበር። እኔ ራሴ ግን ማንም ሳያየኝ መሪው ጋ ስቀመጥ መኪናዋ አሁንም ትዘላለች። ሽምግልናም ተጠራሁ። አንድ ባልና ሚስት የተጣሉበትን ነገር ምንም ሳልረዳው አስታረቅኳቸው፤ ተስማምተው ይኖራሉ። ዓርብ ዓርብ ለጁምዓ የሚሄዱ ሰዎች መንገዳቸውን አቋርጠው ይጠሩኛል፤ እኔ ክርስቲያን ነኝ ብል ማን ይሰማኛል፣ ጉልበቴን አሞኛል እያልኩ እቀራለሁ። እሑድ ደግሞ አክስቴን እስከ ቤተ ክርስቲያን ደጅ አደርሳትና፣ ሰው "ጋሽ ይማም ምን ፈልገው ነው" እንዳይል ከበሩ እመለሳለሁ። መከበሬን አልክድም። ታክሲ ውስጥ ጋቢና ይለቀቅልኛል፤ ስገባ ሰው ይነሣል። ክብር ደግሞ ቶሎ ይለመዳል።

ያልለመድኩት እትዬ ዘምዘምን ነው። እኩለ ቀን ላይ ለባላቸው እንደሚያደርጉት ምሳ ቋጥረው ይመጣሉ። ሰው ስለሚያይ ለኔ ይሰጡኛል። ሳህኑን የሚያቀብሉኝ ግን ፊታቸውን ወደ ጦሳ ተራራ አዙረው ነው።

"ወሬ አለ?" ይላሉ።

"የለም።"

"ብላ። ቅቤ አላበዛሁበትም፤ እሱ አይወድም።"

እኔ ቅቤ እወዳለሁ። አልተናገርኩም። እበላና ሳህኑን አጥቤ እመልሳለሁ። አንድ ቀን ሳህኑን ሲቀበሉኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን አዩኝ።

"ንዴቴ እኮ በረደ ጌጡ" አሉ። "ያኔውኑ፣ አንተ ከወጣህ ብዙም ሳይቆይ። ልጠራህ ወጥቼ ነበር፤ መንገዱ ላይ አጣሁህ።"

አፈርኩ። መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ያን ቀን ከሰዓት ለተማሪዎቼ አንድም ቃል አልተናገርኩም፤ እነሱም ዝም ብለው በደንብ ነዱ።

በማግስቱ አክስቴ ጋ ሄድኩ።

"መልሺው" አልኳት።

"ምኑን?"

"ፍቺውን።"

"የፈሰሰ ውሃ ይታፈሳል እንዴ?"

"ሰውየው የት ናቸው ታዲያ?"

"የትም አልሄዱም። ስላንተ ብቻ ነው የተናገርኩት፤ ስለሳቸው ምንም አላልኩም። ያልተነገረለት ሰው ወዴት ይሄዳል? እዚያው ናቸው።"

"ሐረጎ?"

"የሕልሙ ሐረጎ። እዚህኛው ሐረጎ ሄደህ ብትፈልግ ዝንጀሮ ነው የምታገኘው።"

ከዚያ እጇን ዘርግታ ፊቴን ዳሰሰችው። "እኔ እኮ ላንተ ብዬ ነው" አለች። "ሰው ሕልሙን ይዞ ሲመጣ የማየው የመጣውን ሰው ብቻ ነው። ሌላ ሰው ሕልሙ ውስጥ እንዳለ እንኳ ትዝ አይለኝም። ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ስፈታ ኖርኩ። ስንቱን ሰው የት እንደጣልኩት እንጃ።" ስታለቅስ አይቻት አላውቅም ነበር። ምን ይሻላል አልኳት። ሌላ ሰው ጋሽ ይማምን በሕልሙ ካጣቸው፣ ያም ሰው ሕልሙን ለሳቸው ለሚያስብ ሰው ከነገረ፣ ያን ጊዜ ነው እንጂ ሌላ መንገድ የለም አለችኝ።

ራውዳ የምትባል ዳቦ ጋጋሪ አዲስ ተማሪዬ ነበረች። ዳቦዋን በራሷ መኪና ለየሱቁ ማዳረስ ትፈልጋለች። አንድ ጠዋት ከተማው ጉም ለብሶ ሳለ የሻሿን ጫፍ በጥርሷ ነክሳ መጣች። ሰላም ብላት አልመለሰችልኝም። መሪው ጋ ተቀምጣ በሩን ከዘጋች በኋላ ሻሿን ከአፏ አወጣች።

"ሕልም አይቻለሁ" አለች።

ሰው ይህን ሲላችሁ መልሱ በራሱ ነው የሚወጣው። እኔ ግን ያዝኩት።

"ስለ ማን?"

"ስለርስዎ። ለእናቴ ልነግራት ነበር፤ ትምህርቱ እንዳያልፈኝ ብዬ ወደዚህ መጣሁ። ከዚህ ስወጣ እነግራታለሁ።"

"እናትሽ ትወድሻለች?"

"ምን ዓይነት ጥያቄ ነው ጋሽ ይማም? ነፍሷ ነኝ እኮ።"

የመጥፋት ሕልም መሆኑ ገባኝ፤ የጠፉባት አስቀድመው የጠፉት ጋሽ ይማም ስለሆኑ ነው እኔ ገና ወንበሩ ላይ የነበርኩት። ነፍሷ ከሆነች እናቷ ምን እንደምትላት አውቀዋለሁ። ከዚያ ራውዳ በዚህ ወንበር ትቀመጣለች፤ እኔ ጋሽ ይማም ወዳሉበት እሄዳለሁ፤ እትዬ ዘምዘም ለራውዳ ምሳ ማመላለስ ይጀምራሉ። ይህን ማስቀረት ቀላል ነበር። ለኔ ከነገረችኝ ሰሚው እኔ ነኝ። "አስተማሪሽ ከወንበሩ አይነቃነቅም" ብዬ ብፈታላት፣ እስክሞት ድረስ ከዚያ ወንበር የሚያነሣኝ የለም። ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ወንበሩም ጥሩ ወንበር ነበር።

በመስኮቱ እትዬ ዘምዘም ሲያልፉ አየሁ። በሁለት እጃቸው ጀሪካን ይዘው ከቦኖ ውሃ ይመለሳሉ። ሮቶው ፈስሶ አልቋል ማለት ነው። ትንሽ ሄደው ጀሪካኖቹን ያስቀምጣሉ፤ መዳፋቸውን ያሻሻሉ፤ እንደገና ያነሣሉ።

"ኸይር ነው" አልኳት ራውዳን። "ንገሪኝ።"

ነገረችኝ። ሐረጎ፣ ጉሙ፣ ኩርባው፣ ባዶው ወንበር። ከኔ ሕልም የሚለየው እሷ ስትነዳ መኪናዋ አለመዝለሏ ብቻ ነው።

"ጋሽ ይማም ሙሄ ቤታቸው ይገባሉ" አልኳት። "በእግራቸው፣ በጤናቸው፣ ዛሬውኑ። ሚስታቸው በር ይከፍቱላቸዋል። ፍቺው ይኸው ነው።"

"እስካሁንስ ቤትዎ አልነበሩም እንዴ?"

"ሞተር አስነሺ።"

አስነሣች። ፍሪሲዮኑን ቀስ ብላ ለቀቀች። ከማሠልጠኛው ወጥተን ወደ አስፋልቱ ስንታጠፍ ራውዳ ወደኔ ዞር ስትል አየኋት። እሷ ግን አላየችኝም።

ሐረጎ ላይ ቆሜ ነበር። ጉሙ እስከ ጉልበት ስስ፣ ከራስ በላይ ወፍራም ነው። ብርድም ሙቀትም የለም። መንገዱ ዳር፣ በገደሉ በኩል በተሠራው የድንጋይ ግንብ ላይ ሰዎች ተደርድረው ተቀምጠዋል። አንድ የኔታ ጭራቸውን ይዘዋል። አንዲት አዋላጅ ጓንቷን እንዳጠለቀች ናት። አንድ የእግር ኳስ አሠልጣኝ ፊሽካ አንጠልጥሏል፤ አንድ ግንበኛ ቱንቢውን ጭኑ ላይ አድርጓል። ሁሉም ፊታቸውን ወደ ደሴ አዙረዋል።

ጋሽ ይማም ተነሥተው ቆመዋል። አጠገባቸው የነበሩት ሰዎች የኮታቸውን አቧራ ያራግፉላቸዋል። ሲያዩኝ አልገረማቸውም።

"ጌጡ ነህ? ፍሪሲዮኑስ?"

"አሁንም ትዘልብኛለች ጋሽ ይማም።"

"ትዝለል፣ ምን አለበት። ዘምዘም ተቆጥታለች?"

"በርዶላቸዋል። ሮቶውን ሳይሠሩ ግን እንዳይቀመጡ።"

"ወላሂ ዛሬ እሠራዋለሁ" አሉ። ሊሄዱ ጀመሩና ቆሙ። "ማን ነው የፈታኝ?"

"እኔ ነኝ።"

"የመጀመሪያውንስ?"

"አክስቴ። እታገኘሁ ትባላለች።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ክፉ ነገር አልተናገሩም፤ ደግ ነገርም አልተናገሩም። ዳገቱን ይዘው ጉሙ ውስጥ ገቡ። እኔ በቦታቸው ተቀመጥኩ። ድንጋዩ አልሞቀም ነበር።

"ትንሽ ጠጋ በል" አለኝ አሠልጣኙ። "ሰው መምጣቱ አይቀርም።"

ከተማው ውስጥ አንድ ሰው ሕልሙን ሲናገር እዚህ ይሰማል። ድምፁ የጎረቤት ሬዲዮ በግድግዳ እንደሚመጣው ነው የሚመጣው። ያኔ ወሬ ይቆማል፤ የተወራለት ሰው ይነሣል፤ ሌሎቹ ልብሱን ያራግፉለታል። እኔ በተቀመጥኩ በጥቂት ጊዜ የየኔታ ተራ ደረሰ። ተማሪያቸው ሕልሙን ለአንድ የቸኮለ ነጋዴ ነግሮት ኖሯል። ነጋዴው "ሩቅ አገር ሄደዋል ማለት ነው፤ ሌላ ምን ይሆናል" አለና ወደ ሥራው ተመለሰ። የኔታ ጭራቸውን አነሡ፤ አንድ በአንድ ተሰናበቱን። ከዚያ ቁልቁለቱን ይዘው በኮምቦልቻ በኩል ወረዱ። በዚያ በኩል ግን ኮምቦልቻ ያለች አይመስልም።

"ወደዚያ የወረደ ሲመለስ አላየሁም" አለች አዋላጇ ጓንቷን እያስተካከለች።

ፈራሁ። እኔ የማንም አስተማሪ አልነበርኩም፤ ጨርቅ ነጋዴ ነኝ። ተማሪዎቹ የሚያውቁት ጋሽ ይማምን ነው፤ ጋሽ ይማም ደግሞ ቤታቸው ገብተዋል። ጨርቅ ነጋዴ ጠፋብኝ ብሎ ሕልም የሚያይ ማን አለ? እኅቴ እንደሆነች እንቅልፏ ከባድ ነው፤ ሕልም አያውቃትም። ይህን ለአሠልጣኙ ነገርኩት።

"እዚህ የመጣ ሁሉ እንደዚህ ነው የሚለው" አለ። ሰው ሲያጽናና የሚታየው ፊት ግን አልነበረውም።

ከዚያ የአክስቴን ድምፅ ሰማሁ። ለሰው አልነበረም የምትናገረው። ቤቷ ውስጥ ብቻዋን "ሕልም አይቻለሁ" ትላለች፤ ትጠብቃለች፤ የሚመልስላት የለም። ሕልም ፈቺ የራሱን አይፈታም። ሰፈሩን ሁሉ ለበጎ ስትፈታ ኖራ የሷን ለማን ትስጠው? ለሚወዷት ጎረቤቶቿ ብትነግራቸው ለሷ ይፈቱላታል እንጂ ለኔ አይፈቱልኝም። ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። ለብዙ ጊዜ አፏን ዘግታ ተቀመጠች። እኔም እዚህ ሆኜ የዝምታዋን ድምፅ እሰማ ነበር።

አንድ ቀን በሯ ሲከፈት ተሰማ። ከዘራዋ ድንጋይ እየነካካ ሄደ። ክንዷን የሚይዝላት ሰው ስለሌለ በቀስታ ነው የሄደችው፤ አንድ ቦታ ላይ ስትደናቀፍ ሰምቼ ሳላስበው እጄን ዘረጋሁ። ከዚያ የሰው በር ተንኳኳ።

"ይግቡ እማማ፣ ይግቡ" አሉ እትዬ ዘምዘም።

"ባለቤትሽ አሉ ልጄ?"

"አለ፣ ሮቶው ላይ ወጥቷል። ይማም! ና ውረድ፣ ሰው ይፈልግሃል!"

መሰላል ሲንቀጫቀጭ ተሰማ። አንድ ሰው እጁን በጨርቅ ጠረገ።

"እታገኘሁ እባላለሁ" አለች አክስቴ። "የጌጡ አክስት ነኝ። እርስዎን ያስቀረሁዎት እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ" አሉ ጋሽ ይማም።

"ሕልም አይቻለሁ።"

እዚህ ያለው ሰው ሁሉ ወሬውን አቆመ። ጋሽ ይማም ኸይር ነው አላሉም፤ ለበጎ ነውም አላሉም። አክስቴ ጠበቀች። ከዚያ ሳይመለስላት መናገር ጀመረች።

"የሚመራኝ ልጅ ነበረኝ። የቤተ ክርስቲያኑን ደረጃ እየወጣን ጠፋብኝ። እጄ ክንዱን እንደያዘ ነው። ክንዱ አለ፤ ልጁ ግን የለም።" ከዘራዋ መሬቱን ነካ። "ለኔ አዝነው እንዳይፈቱት። ለኔ ብለው ከሆነ አሁኑኑ ልመለስ። እሱን ካሰቡት ብቻ ይፍቱት።"

ተነሣሁ። አዋላጇ ከፊት፣ አሠልጣኙ ከኋላ ልብሴን ማራገፍ ጀመሩ። ግንበኛው ቱንቢውን አስቀምጦ ኮሌታዬን አስተካከለልኝ። ወደየት እንደምሄድ ስላላወቁ አንዳቸውም መንገድ አልለቀቁልኝም። ከላይ በደሴ በኩል ጉሙ በር ያህል ተከፈተ፤ ከታችም ልክ ያን ያህል ተከፈተ። ሩቅ ቦታ ላይ ጋሽ ይማም ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ትንፋሽ ሲስቡ ሁላችንም ሰማን።